ሥር ለሥር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ውርጩ ሳይቀልጥ ገና፣
ጠባሴ ወረድኩኝ ቅርጫቴን ያዝኩና፤
አውራ ካለበት ቤት ሠላሳ እንቁላል
መርጬ ገዛሁኝ፣ ለፀሐይ እያየሁ፣ አንድ በአንድ፣ በውል።
"ልታስታቅፊ ነው?" አለችኝ ሻጯ።
"አዎ" አልኳት።
አልዋሸሁም።
ዶሮዋ ብረት ናት፤ ክንፏ የሽቦ ግለት፣
"ሠላሳ ሰባት ከግማሽ" እያለች የምታድር፣ ሌሊት ከሌሊት።

በአራተኛው ማታ መብራት ሄደ።
ስሟ ብርሃን የሆነች ከተማ እርስ በርሷ መተያየት አቃታት፤
ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ፣ እንደ ባለቤት።
ያባቴ ባና ነበረኝ፣ ከመሐል ሜዳ የመጣ፤
ሣጥኑን ጠቀለልኩበት፣ ብርድ እንዳይገባ፣ ነፍስ እንዳይወጣ።

በሰባተኛው ቀን ቅርፊቱን ከፈትኩ፣
የጥፍር ታህል መስኮት። ትንፋሼን ዋጥኩ።
ቀይ ክር፣ ከቀይ ክር የሚወጣ ቀይ ክር፤
በሬሳን ከነገባሮቹ ከሰማይ ሆኖ እንደ ማየት ነበር።
መሐል ላይ አንዲት ነጥብ
ትመታለች።

መድኃኒቱ ከቻይና ነው፣ በማላነበው ጽሕፈት፣
ፋብሪካው ውስጥ የምታስተረጉም ሊን የምትባል ወይዘሪት
"እናቴ ስትወልድ ቀቅላ የጠጣችው" ብላ የሰጠችኝ።
ስሙን ብትፈታልኝ "ቀይ ሥር" ሆነ፤
ሳቅኩ፤ ሰላጣ ውስጥ የሚገባው መሰለኝ።

በእኛ አፍ ሥር አንድ ቃል ነው፤
አፈር የሚጠባውም ሥር፣ ደም የሚሄድበትም ሥር።
በምንሞላው ሠንጠረዥ ላይ ለዚህ የተተወ የለም መስመር።

አንድ ጠብታ ጣልኩ። በሦስተኛው ቀን ቆጠርኩ።
ሥር ሥርን ጠርቶት ነበር፤
ባዶ በነበረው ጎን ጭረት የመሰሉ ክሮች፣ አዲስ፣ ቸኩለው።
ጠብታውን እጥፍ ባደረግኩበት እንቁላል ግን
ክሮቹ ሳስተዋል፤ ቆመዋል፤ እንደ ግንቦት ምንጭ ደርቀው።
ያው ሥር። ያው እጅ።
ጥቂቱ የጠራውን ብዙው መለሰው።

አባቴ ሆስፒታል ነው፣ አልጋ አሥራ አንድ።
ስኳር። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ሄዷል፤
ተረከዙ ላይ ያለው ቁስል ደም አይደርሰውም አሉኝ፣ መንገዱ ተዘግቷል።
በጉብዝናው ሥር ይምስ ነበር አጥናፉ፤
"ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ" እያለ ሰፈሩ ቀን የሚያማው፣
ሲያመው ደግሞ ማታ በጓሮ በር የሚጠራው።

ነገርኩት። እንቁላሉን፣ መስኮቱን፣ ክሩን።
ሰማኝና እግሩን ከአንሶላው አወጣ።
"ትርንጎ፣
ለእንቁላል የሰጠሽውን፣ ለእኔስ?"

ምን ልበለው?
እንቁላል እግር አይደለም ልበለው?
አልጋ አሥራ ሁለት ላይ ያለው ሰውዬ ሆዱ ውስጥ እጢ አለ፤
እጢም ደም ይጠማዋል፣ እርሱም ሥር ይጠራል፤
ለቁስል የተጠረገ መንገድ ለሌባም ይሆናል።
"ልኩን አላውቀውም" አልኩት በመጨረሻ።

ጣሪያውን አየ። ረጅም ጊዜ አየው።
"እኔም አንዴ ልኩን ሳላውቅ ሰጥቻለሁ" አለኝ።
ለማን እንደሆነ አልነገረኝም።
አልጠየቅኩትም።

እንቁላሎቹ በአሥረኛው ቀን ወደ በረዶ ይገባሉ፤ ደንቡ ነው፤
ላባ ሳያወጡ፣ ሕመም ሳያውቁ።
ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ሣጥኑን አጠፋሁ፤
ባናውን አጣጥፌ ለእግሩ ወሰድኩለት።
ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤
"እንቁላል እንቁላል ይላል" አለ፤
ከዚያም ቀስ ብሎ፣
"ስንት ተፈለፈለ?"