የዳለቻ ቆዳ

«በሐምሌ ማን ይድራል?» አለ ሰፈርተኛው፤
ሹፌር ነው ሙሽራው፣ ፈቃዱ ሦስት ቀን ነው።
ስለዚህም ነዚፍ፣ ከሂርማታ ጀርባ፣
ዳስ ጣለ ለዝናብ፤ ዝናቡም ሳይጠራ ገባ።

ከፈረንጅ አራዳ፣ በሁለት ባጃጅ፣
ስፒከር አመጡ፣ አቆሙት ከደጅ።
ጣራውን አራደው፣ ጥርሴን አንቀጠቀጠ፣
እኩለ ዘፈን ላይ መብራት ተቋረጠ።

ዝም።
የጅማ ሰው ያውቀዋል ይህን ዝምታ፣
ሻማ ፍለጋ ላይ እጅ ከእጅ ሲማታ።

«ከበሮዋስ?» አለች አንዲት ሴት ከጓዳ።
ከበሮዋማ አለች፣ ከአደ ሻምሼ ግድግዳ፣
ከሚስማር ተሰቅላ፣ አቧራ ለብሳ፣
ሰው ሁሉ ረስቷት፣ እሷ ሰው ሳትረሳ።

ግንዷ የሰቃ ዋንዛ ነው፣ መብረቅ የጣለው፤
አባ ዲጋ አናጢው በር ሠራበት፣ ወንበር ሠራበት፣
የተረፈውን ጉማጅ ቦረቦረው።
ቆዳዋ የአባ ቡልጉ በሬ፣ የዳለቻ ነው፣
አርጅቶ የታረደ፣ ሰፈር ቅርጫ የገባው።
ሥጋውን በመደብ ተካፈልነው፤
ቆዳውን ግን አንድ ሰው ብቻውን ቢወስደው
ነውር ነው ተባለና፣ ለሁላችን ተወጠረ። የሁላችን ነው።

ሕጓም አጭር ናት፦ የተዋሳት ሁሉ
በልታ ትመለስ፤ ቅቤ ይቀባት በውሉ።
ማን ለማን ሠርግ ጨፈረ፣ በየትኛው ዓመት፣ እስከ ስንት ሌሊት፣
ሻምሼ ሳትጽፈው ታውቃለች፤ የጭፈራ ብድር አይካድም በሷ ፊት።

በዚያ ሌሊት ግን ከበሮዋ ታመመች።
እርጥበት ገብቷታል። ሻምሼ መታቻት፤ ዱብ አለች፣
እንደ በሰበሰ ዱባ። ደግማ መታች። ዱብ።
አንዱ ሳቀ። ሙሽራይቱ አቀረቀረች።

ከአጥሩ ማዶ አባ ቡልጉ ተኝቶ ነበር፤
ተኝቶም አልነበር።
ከነዚፍ ጋር፣ በአንድ ክንድ መሬት፣ በባሕር ዛፍ አጥር፣
ሦስት ዓመት ሰላምታ የለም፤
ለጁምዓ ሲሰለፉ እንኳ በየዳርና ዳር።
ያን ድምፅ ሲሰማ ግን ሆዱ አልቻለም፦
«በሬዬን እንዲህ አያዋርዱትም!»
ጃንጥላውን ይዞ ገባ። ማንንም አልሳመ፣
«ስጡኝ» አለ፤ ሰጡት። ከበቆሎ ቆረቆንዳ እሳት ፊት ቆመ።
ዙሪያዋን አሞቀ፣ በአውራ ጣቱ ገፋ፣
ጠፍሯን በጥርሱ ሳበ፣
እፍ አለባት፣ ደግሞ እፍ፣ እርጥቡ እስኪጠፋ።

አንዴ መታት።
ዳለቻ አጓራ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እግር ያውራ፤
እኔ ከግድግዳው ማዶ ያደግሁ የተከራይ ልጅ ነኝ፣
ክቡ ሲዞር ግን፣ የቤት ኪራይ የሌለበት ቦታ አገኘኝ።
ትከሻ ትከሻን ነካ፣
በጨለማ ማን ማንን እንደያዘ ማን ይለካ?
ጭብጨባው እንደ ዝናብ፣ ዝናቡ እንደ ጭብጨባ፣
ጭቃው ከእግራችን ዘሎ ጉንጫችን ላይ ሲገባ፣
ሁለቱ ሽማግሎች ፊት ለፊት ገጠሙ፤
አንዱ ሲጎነበስ አንዱ ዘለለ፣ አልተነጋገሩም፣ አልተሳሳሙ።
የአንዱ ትንፋሽ ግን ከሌላው ጢም ደረሰ፤
ዳለቻ፣ ከሞተ በኋላ፣
ሁለቱን በአንድ ቀንበር ጠምዶ አረሰ።

መብራት መጣ። ስፒከሩ ካቆመበት ቀጠለ፤
አንድ ልጅ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሽቦውን ነቀለ።

ጠዋት ሄጄ አየሁ፣ «ታረቁ ይሆን?» ብዬ።
አጥሩ እዚያው ነው። አንድም ችካል አልተነቀለም።
ከሥሩ ግን፣ በአባ ቡልጉ በኩል፣ በሙዝ ቅጠል የታሰረ፣
አንድ እፍኝ ለጋ ቅቤ፣ ዝናብ ሳይነካው አደረ።
«ከበሮዋ ያለችው እኔ ጋ» አለች ሻምሼ፣ አይታው፣
ሌላ ቃል አልጨመረች፤ ሄደች፣ ነጠላዋን አጣፍታው።

ቅቤው እስከ ዙሁር ሶላት እዚያው ነበር፤
ከዙሁር በኋላ የለም።
ድመት ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ እኔ ምኑን ልናገር።