ሳንቃው

ነሐሴ ለማለቅ ሦስት ቀን ሲያንሰው፣
የቱሉ ዲምቱ ጭቃ ጫማዬን ጎረሰው፤
አንዱን አስቀረና አንዱን መለሰው።

በዳሳ ምን አለ? ምንም። ዝም ብሎ
ካጥሩ ሳንቃ ነቅሎ
ከበሬ እስከ ኮብልስቶኑ አጋድሞልኝ ሄደ፣
«መስከረም ሲጠባ ትመልሳለህ» ብሎ።

ሙሉነሽ ከሰበታ አምስት ቅቅል በቆሎ
በታክሲ ሰደደች፤
ረዳቱ ሁለቱን በልቶ ሦስቱን አደረሰ።
«ራበኝ ወንድሜ» አለኝ እየሳቀ፤
ምን እላለሁ? የእህቴ እጅ እሱንም አጎረሰ።

አጎቴ ማታ ማታ ይደውላል፤
«ዛሬስ ያፈሳል?» ይላል።
ስልኩን ወደ ባልዲው አስጠጋለሁ፤
ጠብ... ጠብ...
ሳንነጋገር አብረን እንሰማለን፣ ካርዱ እስኪያልቅ።

መስከረም ጠባ። ሳንቃውን አጥቤ ወሰድኩለት።
«ተወው» አለ በዳሳ፣
«ልጆቼ በቀዳዳው
ወዳንተ መምጣት ለምደዋል።»