አንዲት ፊደል

ከጊዮርጊስ በታች፣ ከባጃጁ ተራ፣
ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምውልበት ሥራ።
ሁለት ማሽን ነበር፤ አንደኛው ተቃጥሏል፣
ሌላው ወረቀቱን እያኘከ ይውላል።
መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ቴፑ ካለበት፣
አንድ ካሴት አለኝ፣ ያዜ የነፋበት፣
ሃያ ሁለት ዓመት እኔን የያዘበት።
ክላርኔት ነው ብቻ፤ ግጥም የለው፣ ቃል የለው፤
የሚለውን ግና እኔ ነኝ የማውቀው።
ይመስለኝ ነበረ።

ከሁለተኛው ዜማ፣ ሊያልቅ ሲል ወደ ዳር፣
አንዲት ቦታ አለች ድምፁ የሚሰወር፤
የዓይን ጥቅሻ ታህል፤ ከዚያ ይመለሳል።
ክሩ ተበልቶ ነው፣ እላለሁ፣ ያረጃል፤
በእርሳስ አጠንጥኜ፣ በአልኮል ጠርጌ፣
ልጠግናት ለፋሁ፣ ጉድለቷን ፈልጌ።

ሐምሌ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ዶፉ ጣራ አፍርሶ፣
አንዲት ሴት ገባች፣ ነጠላዋ ርሶ፤
ደብተሩ ግን ደረቅ፣ ሦስት ፌስታል ለብሶ።
«ያባቴ ነው» አለች። «አይቀደድብኝ፣
ሉሁ ስስ ነውና ቀስ ብለህ ገልብጥልኝ።
ዋናው ለገዳም ነው፤ አንድ ቅጂ ለኔ።»
የፊቱን ገጽ ባየው ፈዝዞ ቀረ ዓይኔ፦
«ልሳነወርቅ» ይላል፣ በቀይ ቀለም ደምቆ፤
ካሴቱም ላይ አለ፣ በደቃቅ ተደብቆ፣
ስንት ዘመን አይቼው ያላነበብኩት ስም።
«እህቱ ነኝ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ዘጌ፣ ከቡናው ሥር፣ ቅኔ ሲያስቆጥሩ
አርባ ዓመት ቆይተዋል፤ እኔ ግን ልጁን ብቻ፣
ልጁን ብቻ ሰምቼ፣ ካባት ሳልደርስ ኖርኩ።

ማሽኑ በአንድ ብርሃን አንድ ገጽ ይውጣል፤
እኔ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሥራው ይዘገያል።
ግዕዙን አልችልም። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ግን
አማርኛ አለ፣ አንዱን ቃል ሲፈቱት፦
አንድም እንዲህ ማለት፣ አንድም እንዲያ ማለት፣
አንድም፣ ይላሉ፣ «ይኼን ገና አላወቅሁት።»

ታንኳ አይተው ደግሞ፦
«ሰሙማ ደንገል ነው፣ ወርቁ መሻገር ነው፤
ተሻግሮ ማድረቅ ነው፣ ዳግም ለሚሄደው።»
ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ፣ መጥቅዕና አበቅቴ፣
ከቁጥሩ መካከል፦ «ስታስል አደረች ምሽቴ።»

ከዚያ መቶ አርባኛው፣ ወይ ትንሽ ያለፈው፣
የገጹ ግርጌ ላይ፣ በእርሳስ የጻፉት ነው፦

«ያዜን በጎረቤት ሬዲዮ ሰማሁት።
ቃል የለው። አልከፋኝ። በጣቴ ቆጠርኩት።
ጉባኤ ቃና ነው። አንደኛው ቤት ሞልቷል፤
ከሁለተኛው ላይ አንዲት ፊደል ጎድሏል።
ሌላ ተማሪ ቢሆን፣ በመለስኩት ነበር።
ልጅ ሳለ ሳስቆጥረው፣ አንዷን ትቼ ሳድር፣
እሱ ነው የሚሞላት፣ ማለዳ፣ ከበር ላይ።
አሁን ለኔ ተዋት።
ሞላኋት። ይበል።»

ምን ብለው እንደሞሏት አልጻፉም።

አሳየኋት ገጹን። ቆማ አነበበች፤
ከነጠላዋ ጫፍ ውሃ እያንጠባጠበች።
«ነግረውት ነበር ወይ?» አልኳት፣ ሳልቆጠብ።
ደብተሩን ጠቀለለች በሦስቱ ፌስታል፣ በጥንቃቄ፣
መቶ ብር አኖረች፤
መልስ ሳትቀበል ዝናቡ ውስጥ ገባች።

አንድ ቅጂ ነበር ያዘዘችኝ፤ ሁለት አወጣሁ።
ዘረፍኩ። በቅኔ ቤት ቃሉ ነውር የለውም።
ሌሊት በሻማ ይዤው፣ መብራት ሲሄድ፣
እንደ ቆሎ ተማሪ ጣቴን እቆጥራለሁ፤
ግማሹ አይገባኝም።

ካሴቱን ከዚያ ወዲህ በእርሳስ አልነካሁትም።
ከሰዓት፣ ነፋሱ ከጣና ሲነሣ፣
ደንበኛ ተሰልፎ «ቶሎ በል» እያለኝ፣
ዜማው ወደዚያች ቦታ ሲቃረብ
ማሽኑን አጠፋለሁ።