አንድ መስመር ብቻ

በሰኔ ታርቱ ላይ ሌሊት አይጨልምም፤
ፀሐይ ጎንበስ ትላለች እንጂ አትተኛም።
ከላቦራቶሪው መስኮት፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣
ኤማ ወንዝ ይታያል፣ መሄዱ የማይታወቅ።
«እናት ወንዝ ማለት ነው» አለኝ ታኔል፣
ብልቃጥ እያጠበ ሲያስተምረኝ ቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሳይንስ አልነበሩም፤ እጥበት ነበሩ።
በሳሙና፣ በውሃ፣ በአሴቶን፣
ጓንት ለብሰን እንኳ ጣታችን እስኪነጣ።
ዶክተር ኡርቬ ብርጭቆውን ወደ መብራት ታነሳለች፤
ጠብታ ካየች «እንደገና» ትላለች፤
ጭረት ካየች ምንም አትልም፣
ጥግ ካለው ሣጥን ትጥለዋለች።
«የተጫረ አይታመንም፣ ሲሞቅ ይከዳል»፤
ታኔል ነው የነገረኝ።

ደብተር ሰጠችን፣ ገጹ የተቆጠረ።
እርሳስ ክልክል፣ ላጲስ ክልክል።
«ስትሳሳቱ አትፋቁ፤
አንድ መስመር ብቻ አስምሩበት፣
ከሥሩ ያለው ይነበብ፣
ቀኑን ጻፉ፣ ፈርሙበት።»
ስሜ ማኅደር ነው፤ ሽፋኑ ላይ ስጽፈው
መዝገብ በመዝገብ ላይ ሆነብኝና ብቻዬን ሣቅሁ።
ለታኔል ልተርጉምለት ስል ቀልዱ መንገድ ላይ ቀረ።

ሥራችን ይህ ነበር፦ አንድ ነጭ ዱቄት ወስዶ
ሌላ ነጭ ዱቄት ማድረግ።
እናቴ በስልክ «ታዲያ ምኑን ለወጣችሁት?» አለች፤
መልስ አልነበረኝም።

ምርት የሚለው ቃል እዚህም አለ።
የበቆጂው አጎቴ ምርት ሲል ገብስ ነው፣ በኩንታል፤
የእኔው ምርት ወረቀት ጫፍ ላይ ያርፋል፣
ሠላሳ ሚሊግራም፣
ቢያስነጥሱ የሚጠፋ።

አራተኛው ሳምንት፦ አተላ።
አምስተኛው፦ አተላ፣ ቀለሙ ግን ያማረ።
ስድስተኛው ላይ ታኔል አርጎኑን ሳይከፍት ቀረና
ቀኑን ሙሉ ለንፋስ ሠራን።
«ንጥረ ነገር» እያልሁ በትምህርት ቤት ስሸመድድ
ነገር እንዲህ አስጨንቆ እንደሚነጥር ማን ነገረኝ?

ከአጠገባችን ናቲያ፣ የትብሊሲዋ፣
ከመቶ ሰባ አንድ አገኘች። አልጮኸችም።
ደጅ ጠርታ ለሁላችን ቼሪ አደለች።
ቀናሁባት።
ቼሪውን ግን በላሁ።

ሐምሌ ሲጋመስ ሌሊቱ ተመለሰ፤
ወንዙ ከመስኮቱ ጠፋ፣ ፊታችን መስታወቱ ላይ ደረሰ።

ስምንተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ አመሻሽ፤
ብልቃጡ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ።
በረዶ ላይ አስቀመጥነው፤ ዝም አለ።
አንድ ሰዓት ጠበቅነው፤ ዝም አለ።
ኡርቬ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ
የመስታወት ዘንግ አነሳች፣
የብልቃጡን ግድግዳ ከውስጥ ጫረችው።
ያቺው ኡርቬ!
አንዴ። ሁለቴ። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ።
ከጭረቱ ጫፍ አንዲት ነጭ መርፌ በቀለች፣
ሌላዋን ጠራች፣ እሷም ሌላዋን፣
ዓይናችን እያየ ብልቃጡ መርፌ ሞላ።
ታኔል በቋንቋው ጮኸ፣ እኔም በቋንቋዬ፤
ብዕሬን ጨብጬ በትልልቁ ጻፍሁ፦
አዲስ ነገር አገኘን።

ዓርብ ጠዋት አሞቅነው።
መቶ ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ ቀለጠ።
የጀመርንበት ዱቄትም
መቶ ሃያ ሁለት ላይ ነው የሚቀልጠው።

ለካ ስንት ጊዜ አሙቀን፣ ስንት ጊዜ አቀዝቅዘን
ያንኑ ነው ያመጣነው።
«ንጹሕ ግን ነው» አለ ታኔል፣ ለማንም ሳይሆን።
ናቲያ ሣቀች፤ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች፤
ከዚያ ሁላችንም ሣቅን።

«ጻፉት» አለች ኡርቬ።
«እንደገና» አላለችም።
አንድ መስመር አሰመርሁበት፣
ቀኑን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ።
ከመስመሩ ሥር አሁንም ይነበባል፦
አዲስ ነገር አገኘን።

ማታ ብልቃጡን አጠብሁት።
ኡርቬ ወደ መብራት አነሳችው፣
ጭረቷን አየች፤ ስታይ አየኋት።
ወደ ሣጥኑ ዞረች፣
ቆመች፣
መልሳ መደርደሪያው ላይ አኖረችው።