ቁጥር ሰቃይ

ቆርቆሮ ሰቃይ ነኝ፣ ከስታዲየሙ ጥግ፣
በመሰላል ወጥቶ ቁጥር የሚያሳድግ።
«ሰቃዩ» ሲሉኝ የሚሰማ የተማርኩ ይመስለዋል፤
ስድስተኛ ክፍል ላይ ቀረሁ፤ ዜሮ ለሚቆጥር ይበቃዋል።

ቁጥሮቼን በእጄ ነው ቀለም የቀባኋቸው፤
ሰባትና ስምንት፣ ወግ ሳይደርሳቸው፣
ከጆንያ ሳይወጡ ዝገት በላቸው።
ዜሮ ግን ሁለት ነው፤ እሱ ነው ታታሪ፣
ዓመት እስከ ዓመት ከሚስማር አዳሪ።

የዚያን እሑድ ከኮምቦልቻ የመጡት እንግዶች፣
ቢጫ ማሊያ፣ ቀጫጭን እግሮች፣
ሜዳ ሲገቡ ሰማዩ ከዘጌ ማዶ ጠቁሮ፣
ጣና ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን ቋጥሮ።
ባሕር ዳር ከበሮ መታ፣ ጮኸ፣ ዘፈነ፤
ግማሽ ሰዓት አለፈ፤
ምንም አልሆነ።

ባዶ ለባዶ።
የእኛው ልንገርህ በቀኝ መስመር ወርዶ
አሻማት፤ ሽታው ዘሎ በቴስታ ሲልካት፣
እንድሪስ፣ የእንግዶቹ በረኛ፣ በጣቱ ጫፍ ነካት።
ነካት ብቻ፤ የማያውቃትን ሴት በገበያ መሐል
«እኅቴ፣ በዚህ በኩል» ለማለት ያህል።
ኳሷም በዚያ በኩል ሄደች።

ደግሞ መጣች፤ ደግሞ አወጣት፤
በእግሩ፣ በደረቱ፣ አንዴማ በጀርባው መለሳት።
ከመሰላሌ ሥር የቆመ አንድ የባጃጅ ሹፌር
ሲሳደብ ቆይቶ፣ ወደ ሰባኛው ደቂቃ፣ ጀመረ ማፈር።
«ይሄስ ሰው አይደለም» አለ፣ «መረብ ነው፤
እንኳን አምባዛ፣ ውኃም አያልፈው።»

እኔም እላይ ሆኜ፣ ቁጥር አንድን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ፣
ለዚህ ቡድን ስንት ዓመት ጮኬ፣ ስንት ዓመት ደክሜ፣
ያን ቀን ከዳሁ። በልቤ «ተኛ» አልኩት ቆርቆሮውን፤
«ዛሬስ ተወው፤ አትንካው ልጁን።»

ሰማንያ ሰባት።
ዝናብ። ያ ከሐይቁ በኩል፣ በጎን የሚመጣው፣
ዣንጥላ የማይመልሰው፣ በጆሮ የሚገባው።
ማዕዘን ምት። ልንገርህ እንደ ሰለቸው ሰው
ዝቅ አድርጎ ላካት።
የማን ጉልበት ነው? የሽታው ተረከዝ? የሣር ጉብታ?
እስከ ዛሬ አላውቅም።
እንድሪስ ጓንት ላይ አረፈች፣ ረጋ ብላ፣
ዶሮ ገና እንደጣለችው እንቁላል።
ጓንቱ ረጥቦ ነበር።
ሾለከች። መስመሩን ያለፈችው
በስንዝር ነው፤ ምናልባትም ባነሰ።
ፊሽካ ተነፋ፤
ስታዲየሙ ፈረሰ።

አንዱን ዜሮ አወረድኩ፤ አንድን ሰቀልኩ።
በሚዛን ከዜሮ ይቀላል፣ ራሴ ቆርጬዋለሁ፤
እጄ ግን ሁለት ጊዜ ሚስማሩን ሳተ።
ከታች ሰው «ፍጠን!» ይላል፣ እንደ ሥራ ፈት።

ከዚያ ሁሉም ወጣ። ከበሮው በዘንባባው መንገድ
እየራቀ፣ እየራቀ፣ ዝናቡ ዋጠው።
እንድሪስ ብቻውን ጭቃው ላይ ቆሞ
ቀና ብሎ ቁጥሬን አየ። ቀጥሎ እኔን።
ምን ልበለው? «ቆርቆሮ እኮ ነው» ልበለው?
ባርኔጣዬን አነሳሁ።
እሱም ጓንቱን አወለቀ፣ እንደ ልብስ ጨመቀው፣
አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።
አንዷን ብቻ፣ ማለቱ ነው?
አንድ አምላክ፣ ማለቱ?
ወይስ ዝናቡ አባርቶ እንደሆን ሊያይ ነበር?
አውቶቡሳቸው ጡሩምባ ነፋ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የእጄን ነጭ ቀለም አይታ
«ስንት ለስንት?» አለች።
«አንድ ለባዶ።»
«ለአንድ ነው» አለች፣ «እስከዚህ ማታ?»

ታጠብኩ። በሳሙና፣ በአሸዋ፣ በላምባ ፈተግኩት።
ከአንዱ ጣቴ አልለቅ አለኝ፤
እንዳለ ተኛሁበት።