ደራሽ

በአራድ ከተማ፣ ውኃ ቢሮው ምድር ቤት፣
ሁለት ኮምፒውተሮች ከጠረጴዛዬ ፊት፤
መሃላቸው ስንዝር፣ ለክቼዋለሁ በጄ፣
ታኅሣሥ ጥር ሲመጣ፣ አምሽቼ ማልጄ።
ክረምቱ እዚህ አገር ታኅሣሥ ነው የሚገባው፤
ሰኔን ለለመደ ቆይቶ ነው የሚገባው።

ግራው ዝናብ ያውቃል።
ከኮረብታው አናት የቆመች ጣሳ አለች፣
ሆዷ ውስጥ ማንኪያ አለ፣ ጠብ ሲል ትሰማለች፤
ማንኪያው ሞልቶ ይደፋል፣ ተደፍቶ ይቃናል፣
ሌት ሙሉ ደፋ ቀና — ማን ያመሰግናል?
እያንዳንዱ መደፋት አንድ ቁጥር ይሆናል።

ቀኙ መንገድ ያውቃል፦
ወደ ጨው ባሕሩ የሚወርደውን አስፋልት፣
ደረቁን ወንዝ፣ ድልድዩን፣ የማስጠንቀቂያውን መብራት።
ዝናብ ግን አያውቅም፤
«ዘነበ ወይ?» ይላል፣ ደጋግሞ ያንኳኳል፣
ማንም አይመልስለትም።

በመሃል እሳት አለ፣ ፋየርዎል ይሉታል፤
ጠባቂው ግሪሻ ነው፣ ከቤርሼባ ይመጣል።
«ከውጭ ምንም አይግባ» — ሕጉ ይኸው ነበር፣
ለነፍስም ቢመጡ አይከፈትም በር።
ውኃ እሳት ያጠፋል ሲሉን ነበር ድሮ፤
የዝናብ ወሬ ነው እሳት ያገደው ዘንድሮ።

ደብዳቤ ጻፍን። ማኅተም አስመታን። ጠበቅን።
እስከዚያው ኬብሉ እኔ ሆንኩ፦
ዓይኔ ከግራው ያነባል፣ ጣቴ በቀኙ ይጽፋል፣
በዓይኔና በጣቴ መካከል እንቅልፍ ያልፋል።

አንድ ቀን ከሌሊቱ ዐሥር ተኩል ላይ
ግራው ዐሥራ ሰባት አለ።
እኔ ቀኙ ላይ አንድ ነጥብ ሰባት ጻፍኩ።
አንዲት ነጥብ። ትንኝ የማታህል።
መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ።

ዓውዳ የፋብሪካውን ሠራተኞች በሚኒባስ ያመላልሳል፤
ድልድዩ አፋፍ ላይ ፍሬን ያዘ።
«ምን አየህ?» አልኩት በኋላ።
«ምንም አላየሁ። እርጥብ አቧራ ሸተተኝ፤
ከሩቅ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ሰማሁ።»
ሲጋራውን ሳይጨርስ ደራሹ ደረሰ፣
ግራር ነቅሎ፣ ጎማ ይዞ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ በርሜል ይዞ።

ከዚያ ወዲያ ነጥብ ስጽፍ እጄ ይርዳል።

ግሪሻ ሻዩን በሎሚ እየጠጣ ዝም ብሎ ሰማኝ።
ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠ፦
«አስካለ፣ ሕጉ አይግባ ነው ያለው፣ አይውጣ አላለም።
የተከለከለው መጠየቅ ነው፤
መንገርን ማን ከለከለ?»
ቀጭን የመስታወት ክር ዘረጋ፤
በግራ ጫፉ የሚያበራ እንጂ የሚያይ ዓይን የለው፣
በቀኝ ጫፉ የሚያይ እንጂ የሚናገር አፍ የለው።
«ወንዙስ መቼ ሽቅብ ተመልሶ ያውቃል?» አለና
ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

አሁን ማንኪያው ሲደፋ ቁጥሩ ራሱ ይወርዳል፣
ከውኃው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መብራቱን ቀይ ያደርጋል፤
ደራሽ ውኃ ሳይደርስ ሌላ ደራሽ ይደርሳል።

እኔ በዝናብ ሌት አሁንም እመጣለሁ፤
ከሁለቱ መሃል፣ ከስንዝሯ ቦታ፣ እጄን አኖራለሁ።
አይሞቅም። አይበርድም።

ያ ማኅተም ያለበት፣ «በር ይከፈትልን»
ብለን የጻፍነው ደብዳቤ ግን፣
መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሰም።