ጉሎ የጠጣ ወፍጮ

ናፍጣ የጠፋ ለት፣ በነሐሴ ጨለማ፣
ደምበጫ ወፍጮ ቤት ድምፅ እንኳ ሳይሰማ፣
አቶ ይርሳው መጣ ጀሪካን አንግቶ፣
ያጥር ሥሩን ጉሎ ወቅጦና አጣርቶ።
«ፍየል የማይቀምሰው፣ ሰው የማይበላው ነው፤
እስቲ የዚህን ብረት ሆዱን እንሞክረው።»

ሞተሩ ሳለና ሁለቴ አነጠሰ፤
ሦስተኛው ላይ ዞረ፣ ዱቄቱ ፈሰሰ።
ጭሱ ቅባት ቅባት፣ ቆሎ ቆሎ ሸቶ፣
ግድግዳው ከረመ ጥላሸት ረስቶ፤
እኔም ሚዛን ያዡ፣ በሳል ሳድር የኖርኩት፣
መስከረምን ሙሉ ደህና እንቅልፍ ተኛሁት።

«ቅጠል ከሰማይ ላይ ትንፋሽ ይበደራል፣
ሞተር ሲያነድደው ብድሩን ይከፍላል፤
ናፍጣ የሙት ገንዘብ፣ ከመቃብር ወጥቶ፣
ሰማዩን ያከብዳል ዕዳ ላይ ዕዳ አምጥቶ»
አለን የግብርናው ባንቴ፣
ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ።
«ብድር በምድር!» አልን። ሳቅን።

ወሬ እግር አወጣ።
ከቡሬ ባይሱዙ አንድ ነጋዴ መጣ፤
ዋጋውን ቢጠራ ጤፍ መልስ አጣ፤
ያጥር ሥሩ ጉሎ ማሳ መሀል ወጣ።

አላምረው ያባቱን የጤፍ መደብ አርሶ
ጉሎ ዘራበት ዩሪያ ነስንሶ።
ተምጫ ዳር ያሉት ሁለቱ ዋንዛዎች፣
ንብ ያደረባቸው ሦስት ብርብራዎች፣
በሁለት ቀን መጥረቢያ ተጋደሙ።
እነሱ አምቀው የያዙት የስንት ዘመን ትንፋሽ
በማን ስም ይጻፍ? ባንቴን ጠየቅሁት።
ጣቱን ወደ ላይ አላነሳም።

ሰኔ ላይ ተምጫ ቀልታ ደፈረሰች፤
ያላምረውን መደብ ለዓባይ አቀበለች፤
ዓባይ ግንድ ሲያልቅበት ማሳ ይዞ ዞረ።
እኛም ቤት በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ፣
ሞተሩ ጠገበ፣ ቋቱ ጾሙን አደረ።

እኔ የማውቀው ኪሎ ነው።
ያልሳልኩትን ሳል ባንዱ በኩል፣
የወደቀ ዋንዛ ጥላውን በሌላው፣
ባስቀምጥ፣ ባነሳ፣
መርፌው ይርገበገባል እንጂ አይቆምልኝም።

ትናንት ሲመሽ ስመኝ መጣች፣
ሦስት ኪሎ በቆሎ በፌስታል ቋጥራ።
አቶ ይርሳው በርሜሉን አለፈው፤
አጥሩ ሥር፣ ማንም ካልዘራው ከድሮው ጉሎ፣
አንድ ጣሳ ለቅሞ፣ ወቅጦ፣ አጣርቶ፣
«ለሦስት ኪሎ ይሄ ይበቃል» አለ።

ሞተሩ ሁለቴ አነጠሰ።
ሦስተኛውን ቆመን ጠበቅን።